ሁሌ መጨረሻ የሚወጣው ሰደርያ ለባሽ

"ከኢትዮጵያ ነህ? ታዲያ ሯጭ ነሃ!"

እንግሊዝ አገር ለትምህርት የመጣ ሐበሻ ይህቺን ሳይሰማ ሳምንት አይሞላውም። የማደሪያው ዘበኛ ይላታል፣ የላብራቶሪ ባልደረባው ይላታል፣ ጸጉር ቆራጩም መቀሱን አቁሞ ይላታል። እኔም ሊድስ በገባሁ በሳምንቴ ተባልኩና፣ የአገር ስም በኔ እንዳይሰበር ይመስል፣ ቅዳሜ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ዉድሀውስ ሙር ፓርክ፣ ፓርክራን ከሚሉት ለማንም ክፍት የሆነ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ ተገኘሁ። የሩጫ ልምዴ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ለመያዝ ከመጋፋት አያልፍም። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከፊተኞቹ ጋር በረርኩ። ሦስተኛው ላይ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ያኔ አንጸባራቂ ሰደርያ ያጠለቁ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ከኋላ ደረሱብኝ፤ ግን አላለፉኝም። አጠገቤ ቆሙ። "አይዞህ፣ ቀስ በል። ዛሬ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ተመድቤ ነው" አሉኝ።

የኔ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። እስካሁን ያላለቀልኝ "ተመድቤ ነው" ያሏት ነገር ናት።

ካርድ ላይ "ደረጃ" የሚል መስመር እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ከስልሳ ተማሪ ስንተኛ ወጣህ ነው ጥያቄው፤ ምን ተማርክ የሚል የለም። ስፖርቱም ያው ነው፤ ወይ ለወርቅ ይሮጣል፣ ወይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ይጮኻል። መጨረሻ መውጣት ሰው ላይ የሚደርስ ውርደት እንጂ፣ ተመድበውበት፣ ሰደርያ ለብሰው የሚሠሩት ሥራ ነው ብሎ ማን ያስባል? ከዚያ ወዲህ ብዙ የኛ ልጆች አንድ ቅዳሜ መጥተው ሲቀሩ አይቻለሁ። የሚቀሩት ስለደከሙ አይመስለኝም። በማይመለከታቸው መለኪያ ራሳቸውን ለክተው ስለሄዱ ነው።

"ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ይባላል። እዚህ የሚለጉሙን ፈረስ አድርገው ነው፤ እኛም ልጓሙን ደስ ብሎን እንቀበላለን። በቆጂን፣ ደራርቱንና ጥሩነሽን የመሳሰሉትን ያፈራችውን ከተማ፣ በመኪና እንኳ አልፎባት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የአርሲን ዝና ተሸክሞ መነሻው መስመር ላይ ይቆማል።

በሮንዴላ የተጀመረ

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2004 ቀነኒሳ በቀለ ኔዘርላንድስ ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። 16 ዓመት ድረስ የነካው አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2፣ ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሰዎች ያንኑ 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ያዘጋጀው ፖል ሲንተን-ሂዊት የሚባል ሰው ነው። ጉዳት ደርሶበት መሮጥ አልቻለም፣ ሥራውንም አጥቷል፤ የሩጫ ጓደኞቹን ደግሞ ማጣት አልፈለገም። ስለዚህ እነሱ ይሩጡ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ አለ። ለደረሰ ሰው ተራውን የሚነግሩት ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዙ፣ ቁጥር የተመታባቸው ሮንዴላዎች ነበሩ። ዛሬ በብዙ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄደው ፓርክራን የሚባለው ነገር፣ እንግዲህ፣ መሮጥ ባልቻለ ሰው የተጀመረ ነው።

ከለንደን አካባቢ ወጥቶ መጀመሪያ የተተከለው ሊድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007፣ እዚሁ ተማሪ የሚርመሰመስበት ፓርክ ውስጥ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነጻ ነው። ድረ ገጹ ላይ አንድ ጊዜ ትመዘገባላችሁ፣ በኤ ፊደል የሚጀምር ቁጥርና ባርኮድ ይሰጣችኋል፤ ያቺ ባርኮድ የትም ከተማ፣ የትም አገር ያለ ፓርክራን ላይ ትሠራለች። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 9:00 ላይ ይጀመራል፣ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ 9:30 ላይ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይድረስ፤ ለአዲሶች ብቻ የሚሰጥ አጭር ማብራሪያ አለና። መንገዱ ስንት ዙር እንደሆነ እዚያ ካልሰሙ ከፊት ያለውን ሰው ተከትሎ መሮጥ ነው ዕጣው፤ ከፊት ያለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ዙሩ ላይ ሊሆን ይችላል።

የመድረሻው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሳይገባቸው የሚያበላሹት ብዙ ናቸው። መስመሩን ስታልፉ ሰዓት ያዡ ስልኩ ላይ አንድ ጊዜ ይጫናል። ከዚያ በገመድ በታጠረች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በመጣችሁበት ተራ ትሄዳላችሁ፤ ጫፏ ላይ ቶከን፣ ቁጥርና ባርኮድ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ፣ ይሰጣችኋል። ቀጥሎ የራሳችሁ ባርኮድና የቶከኑ ባርኮድ ተከታትለው ይነበባሉ፣ ቶከኑን ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። ማን እንደሮጠ ሰዓት ያዡ አያውቅም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 84ኛው ጭነት ከ84ኛው ቶከን ጋር እንደሚገጥም ብቻ ነው። አንድ ሰው መስመሩን አልፎ፣ ጓደኛውን አይቶ በገመዱ ሥር ሾልኮ ቶከን ሳይወስድ ቢወጣ፣ ከሱ በኋላ የደረሰ ሁሉ ከፊቱ የነበረውን ሰው ሰዓት ይወስዳል። መተላለፊያዋ ውስጥ መቅደምም ያው ጣጣ ነው። ባርኮድ የረሳ ሰው ግን ማንንም አይጎዳም፤ መሮጡን ይሮጣል፣ ውጤቱ ላይ "የማይታወቅ" ተብሎ ይወጣል እንጂ።

ከሁሉም ኋላ ቴይል ዎከር የሚሉት አለ፣ የመጨረሻው ተጓዥ። ያኔ እኔ ያገኘኋቸው ሴት ማለት ናቸው። እሱ ሳይደርስ ሰዓት አይዘጋም። ሰው በሙሉ ካለፈ በኋላ እየተራመደ ይደርሳልና፣ በሕጉ መሠረት ሌላ ማንም መጨረሻ ሊወጣ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማካይ ሰዓቱ 22 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ32 አልፏል። ሌላ የሩጫ ድርጅት ቢሆን ያፍርበት ነበር። እነዚህ ይኩራሩበታል፤ በእግራቸው የሚሄዱ በዙልን ነው ትርጉሙ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ጭራሽ የየቦታውን የፍጥነት ክብረ ወሰን ከድረ ገጻቸው አነሱት። ብዙ ሯጭ ተቆጣ። እኔ ግን፣ ደረጃ የሚለው መስመር ከካርዱ ላይ ሲፋቅ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ ሰደርያውን

ለአዲስ ተማሪ የምሰጠው ምክር ብዙ ሰው ግር ይለዋል፦ የመጀመሪያውን ቅዳሜ አትሩጡ። ሥራ ጠይቁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚሮጥ ሰው ብቻውን ነው፤ ጆሮው ላይ ትንፋሹ፣ ፊቱ ላይ የሰው ጀርባ። ከደረሰ በኋላም ቆሞ የሚያዋራውን ሰው ራሱ መፈለግ አለበት፤ አገሩ ደግሞ ሰላምታ አልፎ ለመቀጠል ምክንያት የሚጠየቅበት አገር ነው። ሰደርያ የለበሰ ሰው ምክንያቱን ለብሶታል። እድር ውስጥ ድንኳን ሲተከል ካስማ የያዘ እንግዳ ማን ነህ አይባልም፤ "በዚያ በኩል ሳብ" ነው የሚባለው። እሱን ነው ማለቴ።

ከሥራዎቹ ውስጥ ለእንግዳ የሚሻለው ባርኮድ ማንበብ ነው። ስልካችሁ ላይ የበጎ ፈቃደኞቹን መተግበሪያ ትጭናላችሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቆማችሁ ሰው ሁሉ ወደናንተ ይመጣል፣ ላቡን እየጠረገ፣ እየሳቀ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገረ። የዮርክሻየር አነጋገር ጆሮ የሚለምደውም እንዲህ ነው፤ መቶ ሰው እያንዳንዱ አምስት ሰከንድ። የሰው ባርኮድ መጀመሪያ፣ ቶከኑ ቀጥሎ። ስልኩ ቢያንስ ግማሽ ባትሪ ይኑረው፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ዝናብ ያረጠበው ወረቀት እምቢ ሲል በእጅ ቁጥሩን መጻፍ ይቻላል።

ቶከን ማደል ሁለተኛው ነው፤ ግን ጥር ላይ ጣት ይደነዝዛል፣ ሁለት ቶከን ተጣብቆ ሲወጣ ደግሞ ልክ ሰው እንደሾለከው ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። የጣቱ ጫፍ ክፍት የሆነ ጓንት ያስፈልጋል። መታጠፊያ ላይ ቆሞ መንገድ ማሳየት ቀላሉ ይመስላል፤ ሆኖም ብቻውን ቆሞ ከሚሮጥ ሰው በላይ የሚበርደው እሱ ነው፣ ለሩጫ ከሚለበሰው እጥፍ ይለበስ። ሰዓት መያዝን ለመጀመሪያ ቀን አትቀበሉ። በ25ኛው ደቂቃ አካባቢ ሰው እንደ ጎርፍ ሲገባ አንድ ጭነት መዝለል ቀላል ነው፤ መዘዙን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ለመመዝገብ ለየቦታው ቡድን ከነኤ ቁጥራችሁ ኢሜይል መላክ ነው፤ እስከ ሐሙስ ቢደርስ ጥሩ ነው። ዓርብ ማታ ሰው ጎደለ የሚል ልመና ማኅበራዊ ገጻቸው ላይ ካያችሁም ያኔ መላክ ነውር የለውም። ዕድል ከቀናችሁ ቴይል ዎከር ትሆናላችሁ፤ ከኋላ ከቀሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ሃምሳ ደቂቃ ወሬ ማለት ነው። በዚያ አገር ሃምሳ ደቂቃ ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት የሚቻልበት ሌላ ቦታ ብዙም አላየሁም።

ስትሮጡ

የሚበላሸው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። 5 ኪሎ ሜትርን በ30 ደቂቃ ለመጨረስ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መሄድ ነው፤ የኛ ልጅ የመጀመሪያዋን በ4፡30 ሄዶ አራተኛዋን በ8 ይሄዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነችው አዲስ አበባ የወረደ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሹ ይቀለዋል፤ ያታልለዋልም። ሳንባው ከፍታውን ለምዷል፣ እግሩ ግን ያልሠለጠነ እግር ነው። መለኪያው ይህ ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከመነሻው ስትሰለፉም ወደ ኋላ ግቡ፤ ሰዓት ለሁሉም የሚቆጠረው ከ"ሂዱ" ጀምሮ ቢሆንም፣ ከኋላ በመቆም የሚጠፋው ግማሽ ደቂቃ በቀላሉ ይመለሳል።

ልብስ ላይ ስህተቱ መደረብ ነው። 5 ዲግሪ ላይ ቱታ ከነኮፍያው ለብሶ የሚጀምር ሰው አንዱን ዙር ሳይጨርስ ይቀቀላል። ቆማችሁ ትንሽ ሲበርዳችሁ ልኩ ነው ማለት ነው። የጥጥ ካናቴራ ላብ ይይዛል፣ ቆይቶም ያቀዘቅዛል፤ ስስ የስፖርት ካናቴራ፣ ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ነገር ይበቃል። ወፍራሙን ጃኬት ለበኋላ አስቀምጡት፤ ብርዱ የሚመጣው ከደረሳችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ዲሴምበር ላይ ሊድስ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከ8:00 በኋላ ነውና ስትነቁ ገና ጨለማ ነው፤ ከአልጋ ለመነሳት የሚያስፈልገው ወኔ ከሩጫው ይበልጣል።

ጾም ላይ ያለ ሰው፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ደርሶ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ ያዞረዋል፤ መተላለፊያዋን እየተራመደ ይለፍ። የተሻለው ግን፣ እንዳልኩት፣ በዚያ ሰሞን ሰደርያውን መልበስ ነው።

የእሁድ ኳስ

ኳስ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ እንኳን ለመግባት ምክንያት አያስፈልግም፣ ማንም ኳስ ይወዳል። የሚያፈርሰው ገንዘብና ሰዓት ነው።

አምስት ለአምስት ሜዳ በሰዓት ይከራያል። ሜዳው 60 ፓውንድ ቢሆን ለአሥር ሰው 6 ፓውንድ ይደርሳል፤ ሁለት ሰው ጠዋት ላይ "ይቅርታ ተኛሁ" ካለ ለቀሩት 7 ፓውንድ ከ50 ነው፣ ጨዋታውም አራት ለአራት ሆኖ ይገድላል። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተከፈለ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ዓርብ ማታ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ ሁለት ተጠባባቂ ይያዛል። ሁለተኛ፣ የቀረ ሰው ምትኩን ራሱ ይፈልጋል። እኛ በዚህ ደካማ ነን፤ "ለአምስት ፓውንድ ሰው ይጠየቃል እንዴ?" እንላለን፣ አደራጁ ከኪሱ ይሞላል፣ በሦስተኛው ወር ቡድኑ ይበተናል። እንግሊዞቹ ሃምሳ ሳንቲም ሳያፍሩ ይጠይቃሉ፤ ቡድናቸውም ይኖራል።

የሰዓቱ ነገር ያስቃል። የሐበሻ ቡድን ዋትሳፕ ላይ "እሁድ 4 ሰዓት" ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹ ጠዋት 10:00 ላይ፣ ግማሹ ከሰዓት 16:00 ላይ ይመጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በቁጥር 10:00 ብላችሁ ጻፉ።

ጫማ፦ 3ጂ የሚባለው ረጅም ሰው ሠራሽ ሣር ላይ የፕላስቲክ ታኬታ ነው፤ የብረት ጥርስ ያለው ሣሩን ስለሚቀድ አያስገቡም። አሸዋ የተነሰነሰበት አሮጌው ምንጣፍ መሰል ሜዳ ላይ ታኬታ ራሱ አይሆንም፤ ጥርሱ ተይዞ ይቀርና የሚዞረው ጉልበት ነው። እዚያ ሸራ ወይም ትናንሽ ጎማ ያለው ጫማ ነው የሚያዋጣው። ጋምባሌ አትናቁ። በረኛ መሆን ማንም አይፈልግም፤ በየአምስት ደቂቃው በተራ ይሁን ብሎ ከጅምሩ መስማማት ጠብ ያስቀራል።

ቁርጭምጭሚት ሲዞር ደግሞ ብዙ ተማሪ የከፈለበትን አያውቅም። ለተማሪ ቪዛ በየዓመቱ 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ ተከፍሏል። ጂፒ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪም ዘንድ፣ ካልተመዘገባችሁ ግን ገንዘቡ ተኝቷል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ተመዝገቡ። እግሩ መርገጥ ከቻለ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 111 ደውሎ መጠየቅ፣ አራት እርምጃ እንኳ ካልቻለ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጎበዝ ተጫዋች ለሆኑት። የአካባቢ ክለብ አይቷችሁ "በጨዋታ ይህን ያህል እንከፍልሃለን" ካለ ወይም ሕጻናት አሠልጥን ካለ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱ። የተማሪ ቪዛ ፕሮፌሽናል ስፖርተኛም አሠልጣኝም ሆኖ መሥራትን ይከለክላል። በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል ማለት ይህንንም ይጨምራል ማለት አይደለም።

"ሶሻል" ሲሉ

እዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ረቡዕ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ትምህርት አይኖራቸውም፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድርም ያኔ ነው። ማታ ላይ "ሶሻል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ መጠጥ ቤት ነው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ይቻላል፣ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ብርጭቆ የሚያይም የለም። እንጂ መጠጡ ካልተመቻችሁ ስፖርቱን አትተዉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ማንም አያጠጣችሁም፣ ሻይ ነው።

ሻዩም ሥርዓት አለው። ካፌ ላይ ሁሉም የራሱን ይከፍላል። "በሞቴ እኔ ልክፈል" ብሎ ካርድ መንጠቅ ሰውን ያስጨንቃል፤ ዕዳ ያስገባኸው ይመስለዋል። መጠጥ ቤት ሲሆን ግን በተራ ነው፣ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጣዩ ይቀጥላል። ተራው ሳይደርስ የሚሾልክ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ይሄኛው ለኛ አዲስ አይደለም።

ሻዩ ጠረጴዛ ላይ የቀኑ የመጨረሻ ሥራ ይሠራል። ቶከኖቹ በሙሉ ይዘረገፉና ሦስት አራት ሰው ከበው እየተጫወቱ ከ1 ጀምሮ ይደረድራሉ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት። ካርታ እንደመደርደር ነው፣ እጅ ይሠራል አፍ ያወራል። ሁልጊዜም አንድ ይጎድላል። 137 የለም ይባላል፣ ወንበር ሥር ይታያል፣ ሰደርያ ኪስ ይፈተሻል፤ በመጨረሻ አዲስ መጥቶ የሮጠ አንዱ ተማሪ ቱታ ኪሱ ውስጥ ከቶት ወደ ማደሪያው እንደሄደ ይደረስበታል። የሚቀጥለው ቅዳሜ አፍሮ ይመልሳል። ያኔ ሰደርያ ያቀብሉታል።